ጥቂት ልጨምርበት

ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያማቸውን ላመሰግን ተነሥቻለሁ። በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሁሉን ነገር ብቻቸውን ተሸክመው ዓመታት የዘለቁትን መሪያችንን። ተተኪ አያፈሩም እየተባሉ ስማቸው ይነሣል። እንዴት ያለ ግፍ ነው! ተተኪ የሚያስፈልገው እኮ ለሚሄድ ሰው ነው። እሳቸው የት ሄዱ?

ይሰብካሉ። ያማክራሉ። ያጋባሉ፣ ይቀብራሉ። የሕንፃ ኮሚቴውን ይመራሉ። የድምፅ ማጉያው ሲያፏጭ ከመድረክ ወርደው ያስተካክላሉ፤ የተመደበው ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ያያል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው። ትርፍ ቁልፉም እሳቸው ጋ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ በየእሑዱ «መከሩ ብዙ፣ ሠራተኛው ጥቂት» እያሉ ያለቅሳሉ። ጉባኤውም አብሮ ያለቅሳል። ከሚያለቅሱት መሐል «እኔ ልሥራ» ብሎ ደጋግሞ የጠየቀ አይጠፋም፤ ግን ለቅሶ አይቋረጥም።

ደግሞ ዕድል አይሰጡም እንዳትሉ፣ ይሰጣሉ። ያን ወጣት ተመልከቱት። ወንበር ሲደረድር ከርሞ፣ ከርሞ፣ አንድ ማታ በጸሎት ጉባኤ ላይ እንዲሰብክ ተፈቀደለት። አሥር ደቂቃ። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረውም። ክራቫት ተዋሰ። ወጥቶ ሲጀምር ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ ወረቀቱም አብሮት ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ተረጋጋ። ሰዎች ማስታወሻ መያዝ ጀመሩ፤ ከኋላ አንዲት እናት «አሜን!» አሉ። ይሄኔ መሪያችን ከፊት ወንበር ሰዓታቸውን አዩ። ተነሡ። ማይኩን በፈገግታ ተቀበሉት። «ወንድማችን ድንቅ ቃል አካፍሎናል፣ ተባረክ! እኔ ጥቂት ልጨምርበት።»

ጥቂቱ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ሲያበቁ ልጁ ምን እንደ ሰበከ ልጁ ራሱ ረስቶታል። ተተኪን በክንፍ ሥር ማሳደግ ማለት ይሄ ነው። ክንፉ ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ።

በሥልጠና ደግሞ ማንም አይደርስብንም። «ተተኪ መሪዎችን ማፍራት» የሚል ባነር ይሰቀላል። ደብተር ይታደላል። ከሌላ አጥቢያ የመጣ አሠልጣኝ ኃላፊነትን ስለ ማካፈል ሦስት ቀን ያስተምራል። (እሱም እዚያው አጥቢያው ቁልፉን ለማንም አይሰጥም ይባላል፤ ሐሜት ስለሚሆን ልለፈው።) ሰርተፊኬት ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል። በማግሥቱ ሠልጣኞቹ ወደ ወንበር መደርደራቸው ይመለሳሉ። ልዩነቱ አሁን በዕውቀት መደርደራቸው ነው።

እርግጥ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መሪያችንን የማያግዙ ቦታዎች አሉ። ሙሴን ውሰዱት። ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አየውና «ይሄ ነገር ደግ አይደለም፣ አንተም ትዝላለህ፣ ሕዝቡም ይዝላል» አለው። የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቃ ሹምና ከባዱን ብቻ ወደ አንተ ያምጡ። ሙሴም ሰማው! ባሕር ያሻገረ ሰው፣ የአማቱን ምክር ሰምቶ ሥራውን አካፈለ። እኛ ጋ ቢሆን ዮቶር ተይዞ ይጸለይለት ነበር።

ጳውሎስም ያው ነው። ጢሞቴዎስን ይዞት ዞረ፣ ከዚያ ኤፌሶን ላይ ትቶት ሄደ። ቲቶን ደግሞ በየከተማው ሽማግሌ እንዲሾም ቀርጤስ ላይ ተወው። ጢሞቴዎስ ልጅነቱን የሚንቁበት ወጣት ነው። ሆዱንም ያመዋል። ሆዱን የሚያመው ልጅ ላይ ቤተ ክርስቲያን ይጣላል? የኤፌሶን ሽማግሌዎች ጳውሎስ ሲሰናበታቸው አንገቱን አቅፈው አለቀሱ፤ ዳግመኛ ፊቱን አያዩትማ። ሦስት ዓመት አስተምሯቸው መሄዱ ነው እንግዲህ። የእኛዎቹ እንዲህ ያለ ጭካኔ አያውቁም።

ደግሞ ቃሉን አንጠብቅም እንዳይባል፣ «አዲስ አማኝ አይሾም» የሚለውን አጥብቀን ይዘናል። አዲስነቱ እስከ መቼ እንደሆነ ስላልተጻፈ እኛ እስከ ሽበት ወስነነዋል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ዲያቆናት አስቀድመው ይፈተኑ ይላል። ይሄንንም አልተውንም፤ ትዕግሥታቸውን እየፈተንን ነው። አንዳንዱ ፈተናውን ይወድቃል። ወደ ሌላ አጥቢያ ይሄድና እዚያ ባንድ ዓመት ውስጥ የቤት ለቤት ኅብረት መሪ ሆኖ ይገኛል። ያኔ «ድሮም ልቡ እዚህ አልነበረም» እንላለን። እውነት ነው፣ ልቡ እዚህ የሚያርፍበት ወንበር አልነበረውም፤ ወንበሮቹን ሁሉ ራሱ ደርድሮ ለሌላ ሰው ሰጥቷል።

መሪያችን አንድ ጊዜ ታመው ተኙ። የዚያን እሑድ የነበረውን መንፈሳዊ ድባብ ብታዩ! ቁልፍ ፍለጋ ሰው ቤታቸው ተላከ። ፕሮግራሙን ማን ይምራ በሚል ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ «አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም» ተባባሉ። ትሕትና እንዲህ ነው። በመጨረሻ ስልክ ተደወለላቸው፣ ስልኩ ማይክ ላይ ተደገነ፣ እሳቸውም አልጋ ላይ ሆነው እየሳሉ ሰበኩ። ርእሱ «የአካል ብልቶች ሁሉ ይሠራሉ» የሚል ነበር።

ከዳኑ በኋላ የተተኪ ጉዳይ በሽማግሌዎች ስብሰባ አጀንዳ ተያዘለት። በተለመደው ቦታው፣ መጨረሻ ላይ። ያን ዕለት ግን ጊዜ ተረፈና ተደረሰበት። አንድ ወጣት ዲያቆን እጁን አወጣ። ሌዋውያን ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ከአገልግሎት ሥራ እንደሚያርፉ፣ ከዚያ በኋላ ወንድሞቻቸውን ብቻ እንደሚረዱ ከዘኍልቍ ምዕራፍ 8 አነበበ። ቤቱ ጭጭ አለ።

መሪያችን በአባትነት ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የብሉይ ኪዳን ሥርዓት ነው። እኛ ከጸጋ በታች ነን።»

ሁሉም «አሜን» አለ። ከዚያ ልዩ ልዩ ጉዳዮች በሚለው ሥር፣ የአሥራት ገቢ ለምን እንደቀነሰ ውይይት ተጀመረ።