«ከዕፅዋት የተዘጋጀ ፀረ ተባይ ንብ አይጎዳም» ለሚለው አስተያየት እርማት

የጓሮ ጎመንን ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ለማጥፋት የትምባሆ ቅጠል ዘፍዝፎ መርጨት ተፈጥሯዊ ስለሆነ ንብ አይጎዳም የሚለው ምክር በብዙዎች ተደግፎ አይቻለሁ፤ በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ትክክል አይደለም። በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን የነፍሳትን ነርቭ የሚመርዝ በመሆኑ ክሽክሹን ከንቧ አይለይም፤ ለንቦች አደገኛ የሆኑት ኒዮኒኮቲኖይድ የተባሉት ፀረ ተባይ ኬሚካሎችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ከአበባ የሚገኘው ፓይሬትረም የተባለው ፀረ ተባይም ንብ ይገድላል፤ ለማረጋገጥ በማሸጊያው ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ ይበቃል።

ይህን ምክር አምኖ ያበበ ተክል ላይ በቀትር የሚረጭ ሰው ንቦቹን ብቻ ሳይሆን ክሽክሽ የምትበላውን ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ቀይ ጥንዚዛ ጭምር ስለሚገድል፣ ተባዩ ጠላት በሌለበት እንደገና ይራባል። እባካችሁ አስቀድማችሁ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ፤ ጥንዚዛዋ ካለች ለእርሷ ተዉላት፣ ከሌለች ደግሞ ክሽክሹን በውኃ ግፊት አጥቦ ማራገፍ ይቻላል።