ግቢ ካላችሁ ከመሬቱ ጀምሩ

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ጎመንና ቆስጣ መትከል የሚፈልግ ጀማሪ በዝቷል። በጣም ደስ ይላል። ለእነዚህ ጀማሪዎች በየቦታው የሚሰጠው ምክር ግን አንድ ዓይነት ነው፦ "ሳክሲያ ግዛና በረንዳ ላይ ደርድር፤ ንጹሕ ነው፣ አረምም አያስቸግርህም።"

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ልክ ነው፤ ሌላ ምርጫ የለውም። ግቢ ያለው ሰው ግን፣ ቦታው ሁለት ካሬ ሜትር እንኳ ቢሆን፣ ከመሬቱ ቢጀምር ይሻለዋል። ሳክሲያ ለጀማሪ ቀላል ነው የሚባለውን አልቀበልም።

ነገሩ ውሃ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። መሬት ላይ የተተከለ ጎመን ሥር ከሰደደ በኋላ ጥቂት ቀን ውሃ ባያገኝ ከታች እርጥበት ይስባል። ሳክሲያ ውስጥ ላለው ተክል ያለችው ያችው የተሰጠችው አፈር ብቻ ናት። በመጋቢት ፀሐይ ትንሽ ሳክሲያ በአንድ ቀን ሊደርቅ ይችላል። ጥቁር ፕላስቲክ ከሆነ ሥሩም ይግላል።

እኔ የጀመርኩት በስድስት ሳክሲያ ቃሪያ ነው። አበባ ሲያወጣ ደስታዬ ልዩ ነበር። ከዚያ ውሃ አምስት ቀን ጠፋ። የቀዳኋት ለምግብና ለመጠጥ ብቻ ነበር የምትበቃው። አበባው ረገፈ፤ ሁለቱ እግር ጭራሽ ደረቁ። በዚያው ሳምንት ጎረቤቴ እማማ አጥራቸው ሥር የተከሉት ቃሪያ ምንም አልሆነም። በምን እንደሚያጠጡት ጠየቅኳቸው። "ኧረ ልጄ፣ ውሃ ካየ ሳምንቱ ነው። ሥሩን በጭድ ሸፍኜዋለሁ" አሉኝ። ጭዱን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። አፈሩ እርጥብ ነበር።

መሬትም የራሱ ጣጣ አለው። በአቃቂ፣ በቃሊቲና በቦሌ በኩል ብዙ ቦታ ዋልካ ነው። በክረምት ውሃ ይቋጥርና ሥር ያበሰብሳል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ከመትከላችሁ በፊት ግማሽ ክንድ የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። በማግስቱም ውሃው ካለ መደቡን ሃያ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፣ ዙሪያውንም ቦይ አውጡለት። ግቢው አዲስ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከሥር ሲሚንቶና የብሎኬት ስብርባሪ አይጠፋም፤ ልቀሙት። ኮምፖስት ወይም በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉበት። ትኩስ ፍግ ችግኙን ያቃጥለዋል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ወገብ ይቆርጣል፤ አልዋሽም። ሳክሲያ ግን በየቀኑ ነው የሚጠብቃችሁ። ደግሞ ባጠጣችሁት ቁጥር ምግቡ በታች በኩል እየታጠበ ስለሚወጣ ቶሎ ቶሎ ማዳበሪያ ይፈልጋል።

በረንዳ ብቻ ያላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ዕቃውን ግን ትልቅ አድርጉት። ለቃሪያና ለቲማቲም ሃያ ሊትር ጀሪካን አፉን ቆርጦ መጠቀም ጥሩ ነው። ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበት አይሁን። ከሥሩ አራት አምስት ቦታ ብሱት። የግቢ አፈር ብቻውን ከሞላችሁበት እንደ ጡብ ይጠጥራል፤ ኮምፖስትና አሸዋ ይግባበት። አንድ ነገር ላይ ሳክሲያ መሬትን ይበልጣል፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ ማታ አንስታችሁ ቤት ማስገባት ትችላላችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ልትከል ለሚል ሰው መልሴ የሐበሻ ጎመን ነው። ከታች ከታች ቅጠሉን እየቀነጠባችሁ ለወራት ትበሉታላችሁ። ቲማቲም በክረምት አትጀምሩ፤ ዝናብና ብርዱ በሽታ ያመጣበታል፣ ልባችሁም ይሰበራል። መስከረም አጋማሽ ላይ ዝናቡ ሲቀንስ፣ አፈሩም ገና እርጥብ እያለ፣ ጎመኑን ትከሉ።

የእኔ ቃሪያ አሁን እንደ እማማ ቃሪያ አጥር ሥር ነው፣ ጭድ ለብሶ። ከስድስቱ ሳክሲያ አንዱ ላይ በሶብላ አለ፣ የወጥ ቤት መስኮት ላይ። በቀሩት አምስት ሳክሲያዎች ችግኝ አፈላባቸዋለሁ።