ሥራ ሳይለቁ ድኅረ ምረቃ መጀመር፦ ክርክር

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «ድኅረ ምረቃ የሚጀምር ሰው የሙሉ ጊዜ ሥራውን ይዞ መቀጠል አለበት።» በጽሑፎቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን 7 ሰዓት ለእንቅልፍ ሰጥተን 49 እናውጣ። ሥራ 40፣ መንገድ 10፣ ምግብና የቤት ጣጣ በቀን 3 ሰዓት ሆኖ 21። የተረፈው 48 ነው። ከዚህ ላይ ክፍል መግባትን ጨምሮ 20 ሰዓት ለትምህርት ብናደርግ ገና 28 ሰዓት እጃችን ላይ አለ፤ በቀን 4 ሰዓት ማለት ነው። «ሥራና ትምህርት አብረው አይሄዱም» የሚሉ ሰዎች ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ አላሰፈሩትም፤ የቆጠሩት ድካማቸውን ብቻ ነው።

ሥራ የያዘ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ነጻ ከሆነው የሚበልጥበትም ነገር አለ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሲሪል ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በ1955 እንደጻፈው ሥራ በተሰጠው ጊዜ ልክ ይለጠጣል። ቀኑ ሙሉ የእርሱ የሆነ ሰው አንድ ጽሑፍ ይዞ ጀምበር ትጠልቅበታለች። አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ያለው ግን በመጀመሪያ አጽሕሮቱን (አብስትራክቱን)፣ ቀጥሎ የመግቢያውን የመጨረሻ አንቀጽ፣ ከዚያ ሠንጠረዦቹንና መደምደሚያውን አይቶ፣ ለጥያቄው የማይጠቅም ከሆነ ይዘጋዋል። ወደ ዘዴው ክፍል የሚገባው የሚጠቅም ሲሆን ብቻ ነው። ማጣራትን የሚያስተምር እጥረት ነው።

አልበርት አንስታይንን ተመልከቱ። የዶክትሬት ጽሑፉን በ1905 ለዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ያስገባው በርን በሚገኘው የፓተንት ጽሕፈት ቤት በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት እየሠራ ነው። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለዚሁ ነው። ትምህርቱ ቢሰናከል ደመወዙ አለ፤ መሥሪያ ቤቱ ቢዘጋ ዲግሪው አለ።

ተቃዋሚ

ወንድሜ በሒሳብ ስለጀመሩ እኔም ከዚያው ልነሣ። 20 ሰዓቱ ከየት መጣ? በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት የአንድ ዓመት ሙሉ ጭነት 60 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ተብሎ ይሰላል። በዓመት ከ1500 እስከ 1800 ሰዓት መሆኑ ነው። ለ40 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ37 ተኩል እስከ 45 ሰዓት ይደርሳል። ይህን ከእርስዎ 48 ላይ ይቀንሱት፤ የሚተርፈው ከ3 እስከ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ሕመም፣ ለቅሶ፣ የተበላሸ ኮምፒዩተር፣ ሁሉም ከዚያች ትርፍ ላይ ይወጣል። የ28 ሰዓትዎ ምሥጢር እንግዲህ ይኸው ነው፤ ትምህርቱን ለሁለት ቆርጠው ለአንባቢ አልነገሩም።

ሰዓትም ሁሉ እኩል አይደለም። ተመራማሪዎቹ ዳውሰንና ሪድ በ1997 ባሳተሙት ጥናት 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። 7 ሰዓት የሚተኛ ሰው ደግሞ በየቀኑ 17 ሰዓት ነቅቶ ይቆያል፤ ሥራ ያለው ሰው ለንባብ የሚተርፈው ሰዓት የሚያርፈው በዚያ ጫፍ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሪፈረንስ ማስተካከል ወይም ፋይል መሰየም ይቻላል። የስታቲስቲክስ ሞዴል መምረጥ ግን አይቻልም፤ ቢመረጥም በማግስቱ ተሰርዞ እንደገና ይሠራል።

አንስታይንን ማንሣት ግን ባይሞክሩት ይሻል ነበር። ሰውዬው ዲፕሎማውን በ1900 የጨረሰ ነው። በ1905 በየሳምንቱ የሚገባበት ኮርስ አልነበረውም፤ የላቦራቶሪ ሥራ አልያዘም፤ ቃለ መጠይቅ አላደረገም። ያስገባው ጽሑፍ ከ30 ገጽ ያነሰ ነው። ዛሬ ፕሮፖዛሉን ብቻ በ30 ገጽ አምጣ የሚባለውን የመጀመሪያ ሴሚስተር ተማሪ በእርሱ ማጽናናት ምን ይባላል? ባላውም ሁለት ይሁን፤ ተንጠልጣዩ ግን አንድ ሰው ነው።

ደጋፊ

የደበቅሁት ነገር የለም። ሥራ ያለው ሰው ግማሽ ጭነት እንደሚመዘገብ ለማንም ግልጽ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። በዓመት 30 ክሬዲት፤ የሁለት ዓመቱ ፕሮግራም አራት ዓመት ይፈጃል። ታዲያስ?

ስለ ምሽቱም እኅቴ የተዋጉት እኔ ካልጻፍኩት ሠንጠረዥ ጋር ነው። ከባዱን ሥራ ማታ የሚያደርግ አያያዙን የማያውቅ ሰው ነው። በሳምንት ሦስት ጠዋት ከሥራ በፊት 90፣ 90 ደቂቃ፤ ይህ ለመጻፍና ለከባድ ንባብ ብቻ ነው። ሁለት ምሽት ከ60 ደቂቃ ያልበለጠ፤ ለሪፈረንስ፣ ለኢሜይል፣ የቀጣዩን ሳምንት ንባብ ለማውረድ። ከሁለቱ የዕረፍት ቀኖች በአንዱ 5 ሰዓት፣ መሐሉ ላይ ረጅም ዕረፍት ያለው። ክፍል 6 ሰዓት። ሲደመር 17 ተኩል ነው፤ የቀረው 2 ሰዓት ተኩል ሆን ተብሎ ባዶ ይተዋል። በየሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ መክሸፉ ስለማይቀር የከሸፈው ወደዚያ ባዶ ይገባል እንጂ እንቅልፍ አይበላም።

በመጀመሪያው ሳምንት ዞቴሮ የተባለው የሪፈረንስ ማደራጃ ሶፍትዌር ይጫን፤ በነጻ ይገኛል። የተነበበ ጽሑፍ ሁሉ በዚያው ቀን ሦስት መስመር ይጻፍለት፦ ጥያቄው፣ ዘዴው፣ ለእኔ ጥናት የሚጠቅመው። ይህን ያላደረገ ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ያነበበውን ሁሉ እንደ አዲስ ያነባል። ተመራማሪዋ ሶፊ ለሮይ በ2009 እንዳሳየችው ደግሞ ካልጨረሰው ሥራ ላይ የተነሣ ሰው ሐሳቡ ከፊሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከመነሣት በፊት 2 ደቂቃ ወስዶ የት እንደቆመና ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ይጻፍ። «ምዕራፍ ሁለት» ተብሎ ሳይሆን «የሦስተኛውን ሠንጠረዥ አራተኛ አምድ ከጥሬው መረጃ ጋር አመሳክር» ተብሎ።

አንስታይንን በምሳሌ አነሣሁት እንጂ ሥርዓተ ትምህርት አልቀረጽኩበትም። ገጽ መቁጠርም ክርክር አይደለም።

ተቃዋሚ

ገጽ መቁጠር ክርክር ካልሆነ ይዘቱን እንየው። ያ የ1905 ጽሑፍ ስሌቱ ውስጥ ስሕተት ነበረበት፤ እርማቱ የወጣው በ1911 ነው። የዛሬ ገምጋሚ ለማንም ተማሪ 6 ዓመት አይጠብቅም።

ሌላም አለ። በ1904 ልጁ ሃንስ አልበርት ተወልዷል። ሚስቱ ሚሌቫ ማሪች በዙሪክ ፖሊቴክኒክ አብራው የተማረች ናት፤ በ1900ም በ1901ም የመጨረሻውን ፈተና ሳታልፍ ዲፕሎማው ቀርቶባታል። ቤቱ በማን ትከሻ ላይ እንደነበረ ለመገመት ፊዚክስ አያስፈልግም። እርስዎ «የቤት ጣጣ በቀን 3 ሰዓት» ብለው እንደ ዘበት ያለፉት መስመር እንደ ተመዝጋቢው ይለያያል። ሕፃን ወይም የታመመ ወላጅ ባለበት ቤት 3 ሰዓት የሚበቃው፣ ቀሪውን ሌላ ሰው ስለሚሠራው ነው። ያ ሌላ ሰው በሠንጠረዥዎ ውስጥ የለም።

የጠዋትና የምሽት ድልድልዎ ለኮርስ ጊዜ ያገለግል ይሆናል። የሚፈርሰው ተሲስ (መመረቂያ ጽሑፍ) ላይ ነው፤ ምክንያቱም መረጃ የሚሰበሰበው በሥራ ሰዓት ነው። ቃለ መጠይቅ የሚሰጡት ሰዎች፣ መዝገብ ቤቱ፣ ላቦራቶሪው፣ ጥናቱን የሚፈቅደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጸሐፊ፣ አማካሪውም ራሱ የሚገኙት ተማሪዎ ቢሮ በተቀመጠበት ሰዓት ነው። ከሥራ በፊት ባለችው 90 ደቂቃ ማንን ያነጋግራል? የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ከመሄጃ መመለሻው ጋር ግማሽ ቀን ይወስዳል። ቀረጻውን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ድምፅ 4 ሰዓት ቢፈጅ ጥሩ ነው፤ ድምፁ ከተበላሸ ወይም ሁለት ሰው አንድ ላይ ከተናገረ ከዚያ ያልፋል። 15 ሰው ያነጋገረ ተማሪ ለመገልበጥ ብቻ 60 ሰዓት ይፈልጋል። ያ ማለት ክፍልም ንባብም ሳይኖር የእርስዎ ሦስት ሙሉ ሳምንት ነው።

ይህም ነገሩ እንደታሰበው ከሄደ ነው። ተመራማሪዎቹ ቡለር፣ ግሪፊንና ሮስ በ1994 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ33.9 ቀን እንጨርሳለን ብለው ነበር። «ሁሉም ነገር ቢበላሽስ?» ሲባሉ 48.6 አሉ። የፈጀባቸው 55.5 ቀን ነው። ክፉውን ገምተው እንኳ አልደረሱበትም፤ እርስዎ 2 ሰዓት ተኩል መጠባበቂያ ይዘው ይመጣሉ።

ደጋፊ

ስለ ተማሪ የሰዓት አያያዝ በተጀመረ ክርክር የመቶ ዓመት ጓዳ መበርበር ለዚህ መድረክ የሚመጥን አይመስለኝም። ስሕተቱንስ ያመጣው ሥራ መያዝ ነው ያለ ማነው? ቀኑን ሙሉ ነጻ የሆነ ሰው ስሌት አይሳሳትም? ከዚህ በኋላ ስለ አንስታይን አልመለስም።

በ1994ቱ ጥናት ያሉት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው፤ ይህን እኅቴ ለአንባቢ አልነገሩም። ቢሆንም እቀበለዋለሁ፤ የሚመሰክረው ለእኔ ነውና። ግምት ሁሉንም ሰው የሚያስት ከሆነ፣ ሥራውን የለቀቀው ሰው ከ34ኛው ቀን በኋላ ያለ ደመወዝ ይቆያል፤ የያዘው አይቆይም።

መረጃ የመሰብሰቡ ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ የዓመት ፈቃድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፈቃዱን በፈተና ሰሞን አንድ አንድ ቀን እያደረገ በመበተኑ ነው፤ እንዲህ የተበተነ ፈቃድ ድካም ከማስታገስ አያልፍም። 10 የሥራ ቀን በአንድ ላይ ይያዝ፤ ያውም የሥነ ምግባር ኮሚቴው ከፈቀደ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም። የኮሚቴው ማመልከቻ ከፕሮፖዛሉ ጎን ለጎን ይጻፋል፦ የመጠይቁ ረቂቅ፣ የስምምነት ቅጹ፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ። በስምምነት ቅጹ ላይ «በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ» የሚል መስመር ቢጎድል ማመልከቻው ይመለሳል፤ ኮሚቴው በወር አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ ከሆነ አንድ ወር ሄደ ማለት ነው። ፈቃዱን አስቀድሞ የሞላ ሰው ያን ጊዜ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጨርሰዋል።

ርዕሱ ከመሥሪያ ቤቱ መረጃ ጋር የተያያዘ ከሆነ መረጃውን የመጠቀም ፈቃድ በደብዳቤ ይያዝ፤ ርዕሱ ሳይጸድቅ። የቃል ፈቃድ አለቃው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። አማካሪውን በየሁለት ሳምንቱ ለ30 ደቂቃ ማግኘት ይበቃል፤ ከ2 ቀን በፊት አንድ ገጽ ይላክለት፦ የተሠራው፣ የቆመው፣ ሁለት ጥያቄ። ባዶ እጁን የሚመጣ ተማሪን አማካሪ ማስተናገድ ይሰለቻል።

ለነጻ ጊዜ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን፣ ሥራም ትምህርትም የማይነካው። ይህ ከተጠበቀ ሥራ የሚለቀቀው ለምን ተብሎ ነው?

ተቃዋሚ

ስለ አንስታይን አይመለሱ፤ ጥያቄው የእርሱ አልነበረም። የ3 ሰዓቱ ነበር፤ እርሱም አልተመለሰም።

የተነሣንበት ሐሳብ «የሙሉ ጊዜ ሥራውን ይዞ ይቀጥል» የሚል ነው። እዚህ ስንደርስ ግማሽ ጭነት፣ አራት ዓመት፣ ለቃለ መጠይቅ የተሰጠ የዓመት ፈቃድ ሆኗል። ፈቃድ የተሰጠው እንዲታረፍበት ነው። «አይነካም» ያሉት ቀንም ቢሆን፣ ከሁለቱ የዕረፍት ቀኖች አንዱን በ5 ሰዓት ንባብ ከወሰዱት ልብሱ፣ ግዢውና ጽዳቱ ሁሉ በሌላው ላይ ይወድቃል።

ሥራ ይልቀቅ አላልኩም። የምለው በመጀመሪያው ሴሚስተር ሰዓቱ ይቀነስ ነው፤ በሳምንት 4 ቀን፣ 32 ሰዓት፣ ከምዝገባ በፊት ከአለቃ ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ። የመጀመሪያው ሴሚስተር የሚመረጠው የንባብ ፍጥነት ማነሱም፣ የስታቲስቲክስ መሠረት መሳሳቱም፣ አማካሪው ኢሜይል የማይመልስ ሰው መሆኑም የሚታወቀው ያኔ ስለሆነ ነው። ይህን ያለ ትርፍ ቀን የተጋፈጠ ሰው መስመጡን ሲያውቅ ኮርስ ያለ ቅጣት የሚጣልበት ቀነ ገደብ አልፎት ይገኛል። ነጻ የሚሆነው ቀንም ቢሮዎች ክፍት የሆኑበት ቀን ይሁን። ነገሩ ከቀለለ በሁለተኛው ሴሚስተር ወደ 40 ይመለሳል። በሴሚስተር መሐል «ሰዓት ቀንሱልኝ» ብሎ መግባት ግን ልመና ነው፤ አለቃም የሚሰማው እንደ ስንፍና ነው።

ደጋፊ

«አላልኩም» ካሉ የተሰለፉት ምን ለመቃወም ነበር? 32 ሰዓት የሚፈቅድ አለቃ ያለው ሰው ይጠቀምበት፤ አልከለክልም። የማይፈቀድለት ሰው ግን በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ ይውሰድ፤ እርሱም የጥናት ዘዴ ኮርሱ ይሁን፤ የቤት ሥራዎቹ ተጠራቅመው ፕሮፖዛል ይሆናሉና።

የዕረፍቱን ቀን በልብስና በግዢ ለሞሉብኝ፦ ለምግብና ለቤት ጣጣ 21 ሰዓት ከመነሻው መድቤያለሁ። ልብሱ እዚያ ውስጥ ነው። ሁለቴ አይቆጠርብኝ።

ተቃዋሚ

21ዱ በቀን 3 ሰዓት ነው ያሉት እርስዎ ነዎት። ማብሰሉን፣ መብላቱን፣ ዕቃ ማጠቡን፣ ገላ መታጠቡንና ልጅ ማስተኛቱን ከዚያ ላይ ቀንሰው ለልብስ የቀረውን ደቂቃ ይጻፉልን።