ግሪክ ላይ ወራጅ አለ

ድሮ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልክ ከጮኸ ሰው ሞቷል ማለት ነበር። አሁን ፓኬጅ ሊቃጠል ነው ማለት ነው።

የአጎቴ ልጅ እንደዚያ ነው። ዓመት ሙሉ ድምፁ አይሰማም። ከዚያ አንድ ሌሊት ይደውልና የልጆቼን ደህንነት በየስማቸው ይጠይቃል። አምና የሞተውን ውሻችንን ሳይቀር። «ምነው በሰላም?» ስለው «እንዲያው ናፍቃችሁኝ» ይላል። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ናፍቆቱ ቀጥ ይላል፤ መስመሩም አብሮት። የተረፈችውን ደቂቃ እኛ ላይ አቃጠላት።

አልወቅሰውም። እኔ ራሴ ባለፈው ሁለት ጊጋ ሊቃጠልብኝ ሲል ስለ ንብ እርባታ እስኪነጋ ቪዲዮ አይቻለሁ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ንብ የለኝም።

ስለዚህ እህቴ ከለንደን ደውላ «ሊቃጠልብኝ ነው!» ስትል ማናችንም አልደነገጥንም። እናቴ ብቻ ወጥ መስሏት «አጥፊው! አጥፊው!» አለች።

ወጥ አልነበረም። ነጥብ ነው።

እህቴ አስቤዛ የምትገዛበት ሱቅ ካርድ ሰጥቷታል። አንድ ፓውንድ ባወጣች ቁጥር አንድ ነጥብ ይያዝላታል። ሽንኩርት ነጥብ ነው። ሳሙና ነጥብ ነው። ስምንት ዓመት ሳትነካው 9,600 ነጥብ ተጠራቀመ። ከዚያ ሰፈር ቀየረች፤ ሱቅም ቀየረች። ካርዱ ዓመት ሙሉ ካልተነካ ደግሞ ነጥቡ አፈር ይበላል። ዓመቱ የሚሞላው ኦክቶበር 31 ነው። ሳይቃጠል በፊት ግን ወደ አውሮፕላን ማይል መቀየር ይቻላል። 400 ነጥብ ትሰጫለሽ፣ 250 ማይል ትቀበያለሽ።

«በነጥቡ እመጣለሁ» አለች።

ቤቱ ፀጥ አለ። እህቴን ካየናት ስድስት ዓመት አልፎናል።

እኛ ያለነው ቦሌ አራብሳ ነው። «ቦሌ ነው የምኖረው» ስል ሰው ያከብረኛል። «አራብሳ» ስጨምርበት ያዝንልኛል። የአውሮፕላኑ ድምፅ ግን ከቦሌ ሰው እኩል ይደርሰናል። እናቴ በረንዳ ላይ ሆና ቀና ብላ እያየች «ይሄኛው ከየት ይሆን?» ትላለች። እኔ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። እሱ ናይሮቢ ሲያርፍ እኔ ገና ጎሮ ነኝ።

ያን ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። 9,600 ለ400 ሲካፈል 24። 24 ጊዜ 250፣ 6,000 ማይል። ከለንደን አዲስ አበባ በአየር ወደ 3,700 ማይል ነው።

«ትደርሳለች!» አልኩ። እናቴ እልል አለች።

«መመለሷስ?» አለች ባለቤቴ። ባንክ ነው የምትሠራው። ደስታንም ሳታጣራ አታሳልፍም።

የሚተርፈው 2,300 ማይል ነው። የልጄን የጂኦግራፊ መጽሐፍ አውጥተን ካርታው ላይ በክር ለካን። ክሩ ግሪክ ላይ አለቀ።

«ስትመለስ ግሪክ ላይ ያወርዷታል» አልኳት እናቴን።

«ግሪክ ማን አላት?»

በማግስቱ ይህን ለእህቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። ማይሉ ርቀት አይለካም አለች። ስሙ ብቻ ነው ማይል። እርግጥ ሲጀመር እንደዚያ አልነበረም። የአሜሪካኑ አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 በአውሮፓ አቆጣጠር ይህን ነገር ሲያመጣ ደንበኛው የበረረውን ማይል ነበር የሚቆጥርለት። ቆይቶ ሳይበሩ መሰብሰብ መጣ። በ1988 እንግሊዝ ውስጥ ኤር ማይልስ የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ ሰው መሬት ላይ ዕቃ እየገዛ የሰማይ ማይል ያጠራቅም ጀመር። አሁን ማይል ማለት ዋጋው በሻጩ እጅ ያለ ገንዘብ ነው። ዛሬ የበቃሽ ነገ አይበቃሽም። ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የሰፈራችን ቲማቲምም የሚሠራው እንደዚሁ ነው።

«ማይሉ ቢበቃኝ እንኳ ታክሱን በጥሬ ገንዘብ እከፍላለሁ» አለች እህቴ።

እናቴ ስልኩን ነጠቀችኝ። «ምን በወጣሽ! ታክሲውንማ እኛ አለን!»

ላስረዳት ሞከርኩ። ታክስ ሌላ ነው፣ ታክሲ ሌላ ነው አልኳት። በትዕግሥት ሰማችኝና «ታክሱም ይሁን ታክሲው፣ ሳትሳፈር በፊት ዋጋውን ትነጋገር» አለች። ከዚህ የተሻለ ምክር ከባለቤቴ ባንክም አይገኝም።

ወሬው በሁለት ቀን ብሎኩን አዳረሰ። ቅዳሜ ቡና ላይ ሁሉም ነጥብ ያለው ሆኖ ተገኘ። ባለቤቴም ከአንድ ሱፐርማርኬት የወሰደችው ካርድ አላት። ነጥቧን ስትጠይቅ ሁሌ ሲስተም የለም ይሏታል፤ ሲስተም ሲኖር ካርዱን ቤት ረስታዋለች።

እኔም ዝም አላልኩም። ያነበብኩትን አወራሁላቸው። በ1999 ዴቪድ ፊሊፕስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ የምግብ ፋብሪካ የዕቃውን መለያ ለሚልክለት ሰው ማይል እንደሚሰጥ ያያል። ያስባል፣ ያሰላል፣ ሱቅ ለሱቅ ይዞርና ከሁሉ የረከሰውን ይመርጣል። 12,150 ኩባያ ፑዲንግ። ሦስት ሺህ ዶላር አለፍ የሚል ገንዘብ ወጣበት። ያገኘው ከ1.2 ሚሊዮን ማይል በላይ ነው።

«ፑዲንግ ምንድን ነው?» አሉ ከታች ያሉት እማማ።

«እንደ ገንፎ ያለ ጣፋጭ ነገር።»

«የጾም ነው የፍስክ?»

«ወተት አለው።»

«ያን ሁሉ ማን በላው?»

ለበጎ አድራጎት ሰጠው፤ መለያውን እየላጡ የሰጡትም የዚያው በጎ አድራጎት ሰዎች ናቸው አልኳቸው። እማማ ትንሽ አሰቡ። «ብልጥ ነው» አሉ። «ድግሱንም ደገሰ፣ ሽንኩርቱንም በእንግዳ አስላጠ።»

እናቴ ሌላ ቅሬታ ነበራት። ልጇ በእኛው አየር መንገድ እንድትመጣ ነው የምትፈልገው። ይህን ማስረዳት የእኔ ዕዳ ሆነ። የእህቴ ነጥብ የሚቀየረው አቪዮስ ወደሚባል ማይል ነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ይጠቀምበታል፤ ኳታር ኤርዌይስም ይጠቀምበታል። ስለዚህ መምጫዋ በዶሃ በኩል ነው። የእኛ አየር መንገድ ሸባማይልስ የሚባል የራሱ አለው። የአየር መንገዶች ማኅበርም አለ። እኛ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ ውስጥ ነን፣ እነዚያ ደግሞ ዋንወርልድ በሚባለው ውስጥ ናቸው። በዚህ መሀል አድማጮቼ ማዛጋት ጀምረው ነበር።

የእድራችን ጸሐፊ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እድራቸው ሌላ ነው» አሉ።

ሁሉም ገባው።

እማማ ግን በዚህ አልቆሙም። «እንግዲያው የእኔስ ነጥብ?» አሉ።

አራብሳ ያለነው ግማሾቻችን ዕጣ ወጥቶልን የመጣን፣ ግማሾቻችን ሰፈራችን ፈርሶ የመጣን ነን። እማማ የካዛንቺስ ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት እድር ከፍለዋል። ከለቅሶ ቀርተው አያውቁም። ሽንኩርት ከትፈዋል፣ ንፍሮ ቀቅለዋል፣ ጭስ ውስጥ ቆመው ዓይናቸው ጠፍቷል። የማያውቁትን ሰው ሁሉ ሳይቀር አልቅሰው ቀብረዋል። ከዚያ ሰፈሩ ተነሣ። አንዱ ገላን ሄደ፣ አንዱ ልጁ ጋ ተጠጋ፣ ሌላውን የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ድንኳኑ ማን ዘንድ እንደቀረ እስከ ዛሬ ያጠያይቃል።

እማማ አራብሳ እንደመጡ እዚህ እድር ሊመዘገቡ ሄዱ። ሠላሳ ዓመቱን ነገሩ። መዝገብ የያዙት እኚሁ ጸሐፊ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ደንብ ግን ደንብ ነው። «አዲስ አባል ነዎት» አሏቸው። መግቢያ ይከፍላሉ፤ ስድስት ወር ሳይሞላዎ ደግሞ እድሩ ምንም አይከፍልም።

«ስድስት ወር እንዳልሞት ነው የምትሉኝ?»

«እኔ አላልኩም እማማ። ደንቡ ነው።»

እማማ ስድስቱን ወር ተጠንቅቀው ኖሩ። መንገድ ሲያቋርጡ ሰው ይዘው ነበር። ሰባተኛው ወር በገባ በሳምንቱ ጉንፋን ያዛቸውና በኩራት ተኙ።

ቅዳሜ ዕለት ጥያቄያቸውን ሲያነሡ ታዲያ ጸሐፊው ቀና ብለው አላዩዋቸውም። እኔም የሒሳብ ወረቀቴን ኪሴ ከተትኩ። የእህቴ ሱቅ እንኳ 400ውን ቢያንስ በ250 ይቀበላል። የካዛንቺስ ለቅሶ አራብሳ ላይ ስንት እንደሚመነዘር የሚያውቅ ስላልነበረ ሦስተኛው ቡና በወሬ አልታጀበም።

ቀኑ ደረሰ። እህቴ የምትሠራው አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ በዚያ ሌሊት ተረኛ ናት። ስለዚህ የይለፍ ቃሏን በቴሌግራም ላከችልኝና «በ31፣ ከ12 ሰዓት በፊት አንተ ቀይረው» አለችኝ።

እናቴ በመጀመሪያ በ31 አላመነችም። «ወሩ 30 ነው። የማን ወር ነው 31 ያለው? አትሸበር።» በእኛ ጥቅምት 21፣ ማርያም መሆኑን ሳሳያት ደግሞ ይብስ ተረጋጋች። «በማርያም ቀን ምንም አይቃጠልም» ብላ ጋቢዋን ደርባ ተኛች።

12 ሰዓቱም አከራከረን። ባለቤቴ የማታው ነው አለች። ልጄ እኩለ ሌሊት ነው አለ። እኔ የለንደን እኩለ ሌሊት ለእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው አልኩ፤ እነሱ በዚያ ሰሞን ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ለማንኛውም ብዬ ከማታው 12 በፊት ገባሁ። ገጹ ከፈተልኝ። ነጥቡ አለ፤ 9,600። ቀይር የሚለውን ነካሁ። «ወደ ስልክዎ የተላከውን ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ያስገቡ» አለኝ።

ስልኩ ለንደን ነው። እህቴ ሎከር ውስጥ ቆልፋበታለች። ዕረፍት የምትወጣው በእነሱ አምስት ሰዓት ማታ፣ በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው።

ጠበቅን። በጥቅምት ብርድ ሳሎን ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንበን ጠበቅን። ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ መልእክት አመጣ። ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። የእኔው የኢንተርኔት ፓኬጅ ጊዜው አብቅቷል ይላል። ሒሳቤ ላይ ሦስት ብር አለ። የባለቤቴ ስልክ ቻርጅ ላይ የዋለ መስሏት ኖሮ ሶኬቱ ጠፍቶ ነበር የዋለው። የፎቁን ደረጃ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ በአንድ በር ስር ብርሃን ይታያል። የእድሩ ጸሐፊ ናቸው።

አንኳኳሁ። በሩን ከፍተው ፊቴን ሲያዩ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ጋሼ። ኢንተርኔት ፈልጌ ነው።»

ፊታቸው በራ። «ግባ፣ ግባ! አንድ ጊጋ ጠዋት ሊቃጠልብኝ ነው። ምን እንደማየው ቸግሮኝ ተቀምጫለሁ።» ስልካቸው ላይ አንድ ሰውዬ ስለ ንብ ያወራል።

ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ እህቴ ደወለች። ሽንት ቤት ገብታ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገረችኝ። እኔ ስደግም ጸሐፊው ከኋላዬ ይደግማሉ፤ በመዝገብ እጃቸው የመድኃኒት ካርቶን ላይ ጻፏቸው። ነካሁ። ክብ ነገር ዞረ፣ ዞረ። ከዚያ 6,000 የሚል ቁጥር መጣ። ጸሐፊው አጨበጨቡ። ጎረቤት ሕፃን ተነሥቶ አለቀሰ።

ጠዋት እህቴ መልሳ ደወለች። ድምፅዋ ቀዝቅዟል። የሥራ ባልደረባዋ ነገሩን ስትሰማ «ለምን አንድ ዳቦ ገዝተሽ ካርዱን አታስነኪውም ነበር?» አለቻት። አንድ ዳቦ ብትገዛ ነጥቡ እንደገና ዓመት ይቆይላት ነበር። 6,000ው ማይል ደግሞ ለቲኬት አይበቃም። ገና ብዙ ይቀራል። እስከዚያ እሱም ካልተነካ በ36 ወር ይቃጠላል።

እናቴ 36 ወሩን በጣቷ ቆጠረች። «ሦስት ፋሲካ» አለች፤ ብዙም የከፋት አትመስልም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምንሰጣት ብር ላይ እየቀነሰች መቀነቷ ላይ ትቋጥራለች። ለምን እንደሆነ ስንጠይቃት «ለታክሲው» ትላለች።

ባለፈው እሑድ አስፈታናትና ቆጠርነው። በዛሬው ዋጋ እህቴን ከኤርፖርት ጎሮ ያደርሳታል።