ዘቢብ በጣሳ፣ ምርቃት በእፍኝ

ድሬዳዋ ውስጥ ኬክ የሚያበላሸው ምድጃው አይደለም፤ ኩባያው ነው። አሠራሩ በስልክ ከባሕር ማዶ ይመጣና «አንድ ኩባያ ዘቢብ» ይላል። የማን ኩባያ? ውሃ የሚቀዳበት ፕላስቲክ? በበዓል ብቻ ከቡፌ የሚወርደው ብርጭቆ? ወይስ ጎረቤት ስኳር ተበድራበት በዚያው የቀረው?

አሠራሩን የጻፈው አሜሪካዊ ከሆነ ኩባያው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በዚህ ልክ ሳይጠቀጠቅ የተሰፈረ ዘቢብ 145 ግራም ይመዝናል፤ በመዳፍ ከተጠቀጠቀ 165 ይደርሳል። ልዩነቱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘቢብ ነው። ሳይጠቀጠቅ ከተሰፈረው ኩባያ ግማሽ ያህሉ በፍሬዎቹ መካከል ያለ አየር ነውና፣ ጣት በከበደ ቁጥር አየሩ ይወጣል፣ ዘቢቡ ይገባል።

ቀፊራ ገበያ ላይ ነገሩ ይብሳል። እዚያ ጣሳ መስፈሪያ ብቻ ሳይሆን የወዳጅነት መለኪያም ነው። አፉ ላይ ቁልል ካልተሠራለት ገዢዋ ታኮርፋለች፤ «አቦ መርቂልኝ እንጂ፣ ምን ሆነሻል!» ሻጯ እናቷን ብታክልም በድሬ አንቱታ የለም። አንድ እፍኝ ይመረቅላታል። የጣሳው ቂጥ ወደ ውስጥ የተደቆሰ ከሆነ ግን ያ እፍኝ ቀድሞ የራሷ ነበር። ከሰዓት፣ ጫቱ ሲሠራ፣ ምርቃቱ ከምርቃናው ጋር አብሮ ይጨምራል። ይህን የሚያሰላ ሠንጠረዥ የለም።

ተምር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «10 ፍሬ ተምር» ማለት መጅሁል የሚባለው ትልቁ ዓይነት ከሆነ፣ ዘሩ ወጥቶ፣ 240 ግራም ገደማ ነው፤ ትንሹ ዓይነት ከሆነ 70። ተከትፎ በኩባያ ሲሰፈር 147 ግራም ያህል ይሆናል፤ ግን በድሬ ሙቀት ይለሰልስና ተጣብቆ ይጠቀጠቃል፣ ኩባያው ሳይታወቅ የበለጠ ይይዛል። ሐረር ላይ፣ በቀዝቃዛው፣ ያው ተምር ተራርቆ ይቀመጣል።

መላው ቀላል ነው። ባዶውን ኩባያ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ዜሮ ማድረግ፣ ውሃ መሙላት፤ የመጣው ግራም የኩባያው ሚሊ ሊትር ነው። በ0.6 ሲባዛ የዘቢቡ ግራም ይገኛል፤ 300 የሚይዝ ኩባያ 180 ይሆናል ማለት ነው። ለተከተፈ ተምርም ይኸው ያስኬዳል፤ ለደረቀ አፕሪኮት 0.54 ይበቃል። የሚነከር ከሆነ ከመነከሩ በፊት ይመዘን፤ ከዚያ በኋላ የሚመዘነው ውሃም ጭምር ነው።

ችግሩ ሚዛኑ ነው። ሦስት ፔርሙስና ሁለት ደርዘን ሲኒ ባለበት ቤት ሚዛን አይገኝም። ሚዛን የወርቅ ቤት ዕቃ ነው፤ ወጥ ቤት ከገባ አማት «ዘቢብ በግራም የምትቆጥር ምራት!» ብላ ሠፈር ታዳርሳለች። ቸርነት በግራም አይለካም፤ ሊጡ ግን ቸርነት አያውቅም። ዘቢብ ሲበዛበት መሐሉ ሳይበስል ይቀራል፣ ቀጭን ከሆነም ፍሬው ወደ ታች ይሰምጣል። ከተመዘነው ዱቄት ላይ አንድ ማንኪያ ቀንሶ ዘቢቡን ማሸት ትንሽ ይረዳል፤ ምርቃት የበዛበትን ግን አያድነውም። ያኔ ባለቤቲቱ ኬኩን በትሪ ታቀርብና፣ «ዘቢቡ ከሥር ነው፤ ገልብጣችሁ ብሉት፣ አቦ!»