የኛም ቢሆን አይነካም

ማንም እንዳያረጋጋኝ። ኒውዮርክ አንድ የዘመኑ ጥበብ ሙዚየም አይተን ወደ ዲሲ እየተመለስን አውቶቡስ ላይ ነኝ፤ ጆሮዬ እስካሁን ይግላል። ባሌ አጠገቤ ተኝቷል። ይተኛ። የሱንም ጉድ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ሻንጣው። አክስቴን ታውቋታላችሁ፤ ሰው ባዶ እጁን አትሸኝም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ ጠቅጥቃ አሸከመችን። አውቶቡሳችን ማታ ነው፣ የሷ ቤት ብሮንክስ፣ ሙዚየሙ ማንሃተን። እዚያው እናስቀምጠዋለን ብለን እየጎተትን ሄድን። ዕቃ መረከቢያው ጋ ያለችው ልጅ ገና ከሩቅ እጇን አወዛወዘች። ሻንጣ አይቀበሉም። ኮት ይቀበላሉ፣ ጃንጥላ ይቀበላሉ። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ሻንጣውን የት ያድርገው? ይዋጠው? በስልክ ፈላልገን አንድ የሞባይል ሽፋን የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ከፍለን አስቀመጥን። ባለሱቁ ሻንጣውን አሸተት አድርጎ "ምንድን ነው?" አለ። "መድኃኒት" አልኩት። ውሸት አይደለም።

ከዚያ መግቢያው 30 ዶላር። በነፍስ ወከፍ። እኛን እርግጥ ዲሲ ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች አበላሽተውናል፤ መግቢያቸው ነፃ ነው። ሂርሽሆርን በሉት የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም፣ ሰተት ብላችሁ ገብታችሁ ሽንት ቤት ብቻ ተጠቅማችሁ ብትወጡ ማን ይጠይቃችኋል። 60 ዶላር ከፍሎ የገባ ሰው ግን የሽንት ቤቱን ሰልፍ ሲያይ እንኳ ደሙ ይፈላል።

ውስጡስ? አንድ ጨለማ ክፍል ገባን፤ ቪዲዮ ነው፤ አንዲት ሴትዮ ባልዲ ተሸክማ ትሄዳለች። ትሄዳለች። ትሄዳለች። በሩ ላይ ሳነብ 52 ደቂቃ ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ የሥራው መነሻ "በአካልና በቦታ መካከል ያለው ድርድር" ነው ይላል። ሴትዮዋ ውኃ እየቀዳች ነው! እናቴ ከማን ጋር ተደራድራ ነው ዕድሜ ልኳን የቀዳችው?

እኔ የዘመኑን ጥበብ አልጠላም። አሁን ኮሜንት ላይ "ሙዝ በፕላስተር የሚለጥፉት እነሱ አይደሉ" የሚል አይጠፋም፣ አውቃችኋለሁ። አዎ፣ ጣሊያናዊው አርቲስት ካተላን ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ሙዝ ሰምተናል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 ማያሚ ላይ በ120,000 ዶላር ተሸጠ፤ በ2024 አንዱ ቅጂ እዚሁ ኒውዮርክ ጨረታ ላይ 6.2 ሚሊዮን አወጣ፤ ገዢው ልጦ በላው። እኔን አንጀቴን የበላኝ ሙዙን ከጨረታው ቤት ደጃፍ በሳንቲም የሸጡት የፍራፍሬ ነጋዴ ናቸው። ዋጋውን ሲነግሯቸው አለቀሱ። እሳቸውም እዚህ ቢመጡ 30 ዶላር ነው።

የሄድኩት ግን ለአርቲስቱ ለኤልያስ ስሜ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ያለውን ዞማ ሙዚየም ከጥበብ ባለሙያዋ ከመስከረም አሰግድ ጋር በጭቃና በጭድ ያቆመው ኤልያስ። የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከመርካቶ እያሰባሰበ የሚሠራው። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን መስኮት የሚታይ ማሳ ነው። ቀረብ ሲሉ ነው ጉዱ የሚወጣው። ቀይ ሽቦ በቢጫ ሥር ገብቶ በአረንጓዴ ላይ ይወጣል፤ እያንዳንዷ ክር ተጎንጉና ተጠባብቃ፣ መሃል ላይ የአንድ ኪቦርድ ቁልፍ ፊደሉ ግማሽ የተፋቀ። ያንን የፋቀው የማን ጣት ነው? የየትኛው ቢሮ ጸሐፊ? ይሄን እያሰብኩ ነው ቀረብ ያልኩት። ግራጫ ወለል ላይ ግራጫ መስመር አስምረዋል። አፍንጫዬ አለፈ እንጂ እግሬ አላለፈም።

"ማዳም፣ እባክዎ ወደኋላ።" ጥበቃው ነው፣ በእንግሊዝኛ። ጥቁር ሱፍ፣ ጆሮው ላይ ሽቦ። የሱን ሽቦ ማንም አላጠረውም።

አንድ እርምጃ ተመለስኩ። "ትንሽ ይጨምሩ።" ጨመርኩ። አንዲት ልጅ ከጎኔ ጀርባዋን ለሥራው ሰጥታ፣ ከንፈሯን አሹላ ሰልፊ ታነሳለች፣ ፀጉሯ ሽቦውን ሊጠርገው ነው። እሷን ዝም። ይሄኔ ወደ ባሌ ዞሬ በአማርኛ፣ ድምፄን እንኳ ሳልቀንስ፣ "ይሄ ደግሞ ያባቱ ቤት አደረገው እንዴ?" አልኩ።

ሰውየው ፈገግ አለ።

"ያባቴ ቤት ቢሆንማ ስምንት ሰዓት ሙሉ አልቆምም ነበር፣ እህቴ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ፊቱን እኮ አይቼዋለሁ፣ ዶሚኒካን ነው ብዬ ነው። እሺ፣ አማርኛ ከቻልክ መጀመሪያውኑ "እህቴ፣ ራቅ በይ" አትልም? ለምን በፈረንጅ አፍ ታዋርደኛለህ? እፍረቴን ልሸፍን ብዬ "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የኛ ሰው ሥራ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ። የኛም ቢሆን አይነካም።"

"ማን ሊነካ ነው? ላየው ነው!"

"ሁሉም እንደዚያ ይላል። ሙዚየም ስትመጪ የመጀመሪያሽ ነው?"

የመጀመሪያሽ ነው! እኔን! ልጅነቷን ስድስት ኪሎ ያሳለፈችውን፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል የሚባለው የሥዕል ሙዚየም ከፀሐይ መጠለያዋ የነበረላትን! እዚህ ነው እንግዲህ ባሌ አፉን የከፈተው። ሊያግዘኝ መስሏችሁ ነው? "ራቅ በይ አላለሽም እንዴ? ሥራው ነው እኮ" አለኝ። ከዚያ ሁለቱ የየት ሰፈር ልጅ እንደሆኑ ተጠያየቁ። አንድ የጋራ ጓደኛ አገኙ። ሳቁ። ስልክ ተለዋወጡ። እኔ ቆሜ።

ደግሞ በበር ላይ ስናገር ዕድሌ ይሄ ነው። አገር ቤት አንድ ሙዚየም በር ላይ፣ ነጠላዬን ለብሼ፣ ጥርት ባለ አማርኛ "ሁለት ቲኬት" ብላት፣ ልጅቷ ጫማዬን አይታ የውጭ ዜጋ ዋጋ ጠየቀችኝ። ጫማዬን! እዚያ ፈረንጅ ነሽ፣ እዚህ ባላገር ነሽ። ባካችሁ ምርጫችሁን ንገሩኝና በሱ ልክ ልክፈል።

ካፌው ውስጥ አንዲት ብስኩት 6 ዶላር። አክስቴ ሰምታ ቢሆን "ዳቦ ቆሎዬን ሱቅ ጥላችሁ!" ትል ነበር።

አሁን ደግሞ ኢሜይል ላኩ። ጉብኝትዎን ከ1 እስከ 5 ይመዝኑ ይላል። እኔ ለሱ የሚሆን ቃል እየመረጥኩ እዚህ እናንተ ላይ እጮሃለሁ፣ ቲኬቱ በባሌ ስም ነው የተገዛው ለካ። ቅድም ሳይተኛ ሞልቶ ልኮታል።

5 ሰጣቸው። አስተያየት የሚለው ላይ "የጥበቃ ሠራተኞቻችሁ በጣም ትሁት ናቸው።"