ሰባት ቀን ወይስ አሥራ ሁለት? የቤተ እስራኤል ባለትዳሮችና የንጽሕና ቆጠራ

የክርክሩ መነሻ፦ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ሴት በኢትዮጵያ ሳለች የወር አበባዋ ሲመጣ የመርገም ጎጆ ገብታ 7 ቀን ትለይ፣ በ7ኛው ቀን ወንዝ ወርዳ ታጥባ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። በእስራኤል የረቢዎች ሕግ ግን ቢያንስ 5 ቀን፣ በላዩም 7 ንጹሕ ቀን ቆጥራ ሚክዌ (የመንጻት የውኃ መነከሪያ) እንድትገባ ያዛል። ባልና ሚስት የትኛውን ይያዙ? የሙሽሮች አስተማሪ የሆነች ሴትና አንድ የቤተ እስራኤል ቄስ ይከራከራሉ።

አስተማሪዋ፦ ቄስ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። ሰው የሚሳሳተው ቆጠራው ላይ ነው። ደሙ እሑድ ጀንበር ሳትጠልቅ ከታየ 1ኛው ቀን እሑድ ነው፤ ከጠለቀች በኋላ ከሆነ ሰኞ ተብሎ ይቆጠራል። በእሑድ ከጀመረ 5ኛው ቀን ሐሙስ ነው። ሐሙስ ጀንበር ሳትገባ ታጥባ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ውስጧን ትመረምራለች፤ ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ደሙ መቆሙ ተረጋገጠ። ይህ ሄፍሴክ ታሃራ ነው። ከዓርብ ጀምሮ 7 ቀን፣ ጠዋትና ከመምሸቱ በፊት ትመረምራለች፣ ነጭ የውስጥ ልብስም ትለብሳለች። በሚቀጥለው ሐሙስ ማታ ከዋክብት ሲወጡ ትነከራለች። የመጀመሪያውን ሐሙስ ምርመራ ከዘነጋች፣ ደሙ ቆሞ እንኳ ቢሆን ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል።

ቄሱ፦ ልጄ፣ አሳምረሽ ዘረዘርሽው። ግን ዘሌዋውያን 15፥19 ለወር አበባ ያዘዘው 7 ቀን ነው፣ ያውም ደሙ ከታየበት ቀን የሚቆጠር። ደሙ ከቆመ በኋላ ሌላ 7 የሚጨመረው በ15፥25 እንደተጻፈው ያለ ጊዜዋ ወይም ከጊዜዋ አልፎ ለሚፈሳት ሴት ነው። የረቢዎች የሕግ መጽሐፍ ታልሙዱም አይደብቀውም፤ ረቢ ዜራ የእስራኤል ሴቶች የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ደም ቢያዩ እንኳ 7 ንጹሕ ቀን ሊቀመጡ በራሳቸው ላይ አጠበቁ ይላል። የጎንደር ሴቶች በዚያ ውሳኔ አልነበሩበትም። እኛ የያዝነው የኦሪቱን ነው።

አስተማሪዋ፦ ያጠበቁት ለማጥበቅ ብቻ አይደለም። ሉፕ (በማህፀን የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ) ያስገባች ሴት በወሩ መካከል ነጠብጣብ ልታይ ትችላለች። የወር አበባ ይሁን ያለ ጊዜው የመጣ ማን ይለይላታል? አንድ ቆጠራ ለሁሉም ሲሆን ጥርጣሬው ይቀራል። የሚያቀልም አለ፦ ሳይሰማት ባለ ቀለም ልብሷ ላይ ያገኘችው እድፍ አያረክሳትም፤ በነጭም ላይ ስፋቱ ወደ 19 ሚሊሜትር ካልደረሰ እንደዚያው። ስለዚህ ከ7ቱ ቀን ውጪ ጥቁር የውስጥ ልብስ እንመክራለን።

ቄሱ፦ ጥርጣሬ ያላትን እንደ ጥርጣሬዋ ዳኙ፤ ጤነኛይቱን ለምን? ዑደቷ 24 ቀን የሆነች ሴት አስቢ። እንቁላል የሚለቀቀው በ10ኛው ቀን ገደማ ነው፣ ከ24 ሰዓትም አያልፍም። አንቺ ባልሽው ቆጠራ የምትነከረው 12ኛው ቀን ሲያልቅ ነው። በየወሩ ያመልጣታል፤ መካን ሳትሆን ልጅ ታጣለች። በኦሪቱ ቢሆን ከ7ኛው ቀን ማታ ጀምሮ ከባሏ ጋር ነች፤ ዘሩም እስከ 5 ቀን ሊቆያት ይችላል። እናንተ ምን ሰጣችኋት? ክኒን!

አስተማሪዋ፦ ይህን አልክድም፤ ሐኪሞችም የሃላካ (የአይሁድ ሕግ) መካንነት ይሉታል። እንቁላሉን ጥቂት ቀን የሚያዘገይ ኤስትሮጅን ለአንዳንዷ ይታዘዛል። ግን ከክኒኑ በፊት ረቢ ትጠይቅ፤ ከ5 ይልቅ 4 ቀን የሚቆጥሩ የሰፋርዲ (ከስፔንና ከምሥራቅ የመጡ አይሁድ) ወገኖች አሉ፣ ደሟ ቶሎ የሚቆም ከሆነ አንድ ቀን ታተርፋለች። ሳትጠይቅ ዓመት የምትቆይ ናት የምትጎዳው።

ቄሱ፦ አንድ ቀን! ሌላም አለ። ጎጆ የገባች ሴት ውኃ አትቀዳ፣ አትፈጭ፤ ዘመድ ምግቧን በድንጋዩ ክብ ላይ ያኖርላታል። ዛሬ ሥራ ውላ፣ ወጥ ሠርታ፣ በዚያው ክፍል ከባሏ ተለይታ ትተኛለች፣ ያውም 12 ሌሊት።

አስተማሪዋ፦ ጎጆ ስትገባ ግን መንደሩ ሁሉ ያውቅባታል። ሚክዌ የምትሄደው በማታ ነው፣ ከባሏ ሌላ ማንም አይሰማም። ሁለት አልጋ፣ አለመነካካት፣ ዕቃን ከእጅ ወደ እጅ አለመቀባበል የመጣውም በአንድ ቤት ስለሚኖሩ ነው። በታልሙዱ ረቢ መኢር ደግሞ መለየቱ ሚስት በባሏ ዘንድ እንደ ሠርጓ ቀን እንድትወደድ ነው ይላል።

ቄሱ፦ መወደዱን በ7 ቀንም አግኝተነዋል። ሚክዌ ሲባል ደግሞ የእኛ ሰው ቅር የሚለው ለከንቱ አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. ረቢኑቱ (የእስራኤል ዋና የረቢዎች መሥሪያ ቤት) ለጋብቻ ምዝገባ ሚክዌ መነከርን ሲጠይቀን ኢየሩሳሌም ላይ ቢሮው ደጃፍ አንድ ወር ያህል ተቃውሞ ተደርጓል።

አስተማሪዋ፦ ያ በደል ነበር፤ ከባልና ሚስት ሥርዓት ግን ለዩት። ሚክዌው 40 ሲኣ (የጥንት መስፈሪያ) ውኃ ነው፣ በትንሹ ስሌት 332 ሊትር፣ በትልቁ 573፤ ዝናብ እንጂ በባልዲ የተቀዳ አይሆንም። ወንዝም የምንጭ ከሆነ ያነጻል፤ በክረምት ጎርፍ የሞላው ላይ ግን ሊቃውንት ይከራከራሉ። ይልቅ የእኛ ሴቶች የሚሰናከሉት ፀጉር ላይ ነው፦ ሹሩባው ይፈታ፣ ቅቤው በሳሙና ይልቀቅ፣ ጥፍር ቀለሙ ይነሳ። እንሶስላ ቀለም ብቻ ስለሆነ አይከለክልም።

ቄሱ፦ ባሕሩስ?

አስተማሪዋ፦ ባሕር ይሆናል። ግን በጨለማ ብቻዋን አትግባ፤ ፀጉሯ ሁሉ መስጠሙን የምታይላት ሴት ትኑር።

ቄሱ፦ በ7ኛው ቀን ማታ ከሆነ እኔ ራሴ እህቷን እልክላታለሁ።